በባዕድ አገር የፈሰሰ የጸሐፊ ደምና የመንግሥታት መልስ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሌላ መንግሥት ጥላ ሥር በተጠጋ ጊዜ፣ የተጠጋበት አገር ሕግ እንደ ቤት ጣራ ሆኖ ይከልለዋል ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት ከጥንት ጀምሮ በሕዝቦች ሁሉ ዘንድ የጸና ነው። በእኛም አገር ቢሆን ከደጁ የደረሰውን እንግዳ ለጠላቱ አሳልፎ የሰጠ ሰው በጎረቤቱ ፊት ቀና ብሎ ሊሄድ አይችልም። ታዲያ አንድ መንግሥት የገዛ ዜጋውን፣ ያውም ከብዕር በቀር ሌላ መሣሪያ ያልያዘውን ጋዜጠኛ፣ እስከ ባዕድ ምድር ድረስ ተከትሎ ቢያስገድለው፣ የተበደሉት ሟቹና ቤተ ሰቡ ብቻ አይደሉም። እንግዳውን የተቀበለው መንግሥት ደጃፍ ተደፍሯል፤ መንግሥታት እርስ በርሳቸው የተስማሙበት ሕግም ተጥሷል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር በተፈጸመ ጊዜ የዓለም ዓይን የሚመለከተው ገዳዩን ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹንም መንግሥታት ይመለከታል። ምን ይሉ ይሆን? ካሉስ በኋላ ምን ያደርጉ ይሆን? በዛሬው ንግግራችን የምንመረምረው ይህንኑ ነው። አንባቢ በተለይ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የመንግሥታት ቍጣ የሚለካው በተናገሩት ቃል ሳይሆን፣ ለቃላቸው ሲሉ ለመክፈል ፈቃደኛ በሆኑት ዋጋ መሆኑ ነው። ዘመናቱን ሁሉ የምንጠራው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለምና ከቀድሞው ዘመን እንጀምር። በ1935 ዓ.ም. በርቶልድ ያኮብ የተባለ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ከአገሩ ተሰድዶ በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ይኖር ነበር። ይህ ሰው ጀርመን ጦርዋን በምሥጢር ስታደራጅ እየተከታተለ ይጽፍ ስለ ነበረ፣ የናዚ መንግሥት ዜግነቱን ገፎት ነበር። ፓስፖርት የሌለው ስደተኛ ምን ያህል እንደሚቸገር የታወቀ ነው። ሃንስ ቬዘማን የሚባል፣ ቀድሞ ራሱም ጋዜጠኛ የነበረና በኋላ ለጀርመን የምሥጢር ፖሊስ ያደረ ሰው፣ ይህንኑ ችግር መጥመጃ በማድረግ ‹ፓስፖርት አስገኝልሃለሁ› ብሎ ወደ ስዊስ ከተማ ወደ ባዝል ጠራው። ማርች 9 ቀን ያኮብ ባዝል ደረሰ፤ እራት አብልተው፣ መጠጥ አጠጥተው፣ በመኪና ካሳፈሩት በኋላ ድንበሩን ጥሰው ወደ ጀርመን ወሰዱት።

ስዊስ ትንሽ አገር ነች። ጎረቤትዋ ጀርመን ደግሞ በዚያው ወር የቬርሳይን ውል ጥሳ የግዴታ ወታደርነትን ያወጀች፣ ኤውሮፓን ሁሉ ያስፈራች ኃይል ነበረች። ነገር ግን የስዊስ መንግሥት ዝም አላለም። ቬዘማንን ያዘ፤ መረመረ፤ ማስረጃውን በእጁ አደረገ። ከዚያም ሁለቱ አገሮች በ1921 ዓ.ም. የተፈራረሙትን የግልግል ውል ጠቅሶ፣ ሰውዬው ካልተመለሰ ነገሩ በዳኞች ፊት ይታይ ብሎ አጥብቆ ጠየቀ። የበርሊን መንግሥት አመካኘ፤ አዘገየ። በመጨረሻ ግን የወኪሎቹ ሥራ በአደባባይ ሲነበብ ከሚሰማ ሰውዬውን መመለስ ይሻላል ብሎ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን ያኮብን ለስዊስ አስረከበ። ቬዘማንም በ1936 ዓ.ም. በባዝል ተፈርዶበት ሦስት ዓመት ታሰረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፣ ማስረጃ ይዞና ሕግ ጠቅሶ የጸና ትንሽ መንግሥት ትልቁን ሊያስመልሰው መቻሉ ነው። ሁለተኛው ግን ያሳዝናል። ስዊስ ያስከበረችው ድንበርዋን እንጂ ሰውዬውን አልነበረም። ያኮብን ወዲያው ወደ ፈረንሳይ ሸኘችው። በ1941 ዓ.ም. የጀርመን ወኪሎች በሊዝቦን ከተማ ሁለተኛ አፈኑት፤ በዚያን ጊዜ የሚጠይቅለት መንግሥት አላገኘምና በ1944 ዓ.ም. በበርሊን እስረኛ ሳለ በደረሰበት ሕመም ሞተ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይቀርባል። ካርሎ ሮሴሊ የተባለው ኢጣልያዊ ምሁር ከሙሶሊኒ ግዞት አምልጦ በፓሪስ ተቀምጦ፣ ‹ፍትሕና ነጻነት› የሚል ትርጓሜ ያለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። በ1935 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን በግልጽ ከተቃወሙት ኢጣልያውያን አንዱ እርሱ ነው። በጁን 9 ቀን 1937 ዓ.ም. የታሪክ ሊቅ ከሆነው ከወንድሙ ከኔሎ ጋር በኖርማንዲ በመንገድ ላይ ሳሉ ተገደሉ። የገደሏቸው የአንድ ምሥጢራዊ ማኅበር አባሎች የሆኑ ፈረንሳውያን ሲሆኑ፣ ያሰማራቸው የኢጣልያ የጦር ስለላ መሥሪያ ቤት ነበር። የፓሪስ ሕዝብ እጅግ ብዙ ሆኖ ቀብራቸውን አጀበ። የፈረንሳይ መንግሥት ግን ከሮማ ጋር ያለውን ግንኙነት አላቋረጠም። እንዲያውም በ1938 ዓ.ም. አዲስ አምባሳደር ወደ ሮማ ሲልክ የሹመቱን ደብዳቤ የጻፈው ‹ለኢጣልያ ንጉሥና ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት› ብሎ ነው። የሟቹም ደም፣ የተወረረውም አገር መብት በአንድ ብዕር ተሰረዙ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናስታውስ። የመንግሥታት ማኅበር በ1935 ዓ.ም. በኢጣልያ ላይ የንግድ ቅጣት ሲወስን የተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ረዥም ነበር፤ ነገር ግን ታንኩንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ዘይት በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። በሚቀጥለው ዓመት በጁላይ ወር ቅጣቱ ራሱ ተነሣ። ነዳጅ ዘይት የሌለበት ቅጣት ምን እንደሚመስል ከእኛ ይበልጥ የሚያውቅ ሕዝብ የለም፤ ወደ ፊት በምንናገረውም ታሪክ ይህ ዘይት ደጋግሞ ይነሣል።

ሦስተኛው የጌዮርጊ ማርኮፍ ነገር ነው። ማርኮፍ በቡልጋርያ የታወቀ ደራሲ ሳለ በ1969 ዓ.ም. አገሩን ትቶ ወጣ፤ በለንደንም ተቀምጦ በእንግሊዝ ራዲዮና በነጻ ኤውሮፓ ራዲዮ ስለ ቡልጋርያ ገዢዎች ኑሮና አሠራር ይናገር ነበር። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1978 ዓ.ም. በዋተርሉ ድልድይ አጠገብ አውቶቡስ ሲጠብቅ ጭኑን አንድ ነገር ወጋው፤ ዘወር ቢል ጃንጥላውን ከመሬት የሚያነሣ ሰው አየ። ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። ሐኪሞች ከጭኑ ውስጥ እጅግ ትንሽ የሆነች የብረት ፍሬ አወጡ፤ የገደለውም ከጉሎ ፍሬ የሚወጣ ሪሲን የተባለ መርዝ ነው ተባለ። በ1979 ዓ.ም. የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረው የእንግሊዝ ችሎት ሕገ ወጥ ግድያ ነው ብሎ ወሰነ፤ ነገር ግን ለፍርድ የቀረበ ሰው አልተገኘም። በ1989 ዓ.ም. የሶፍያ መንግሥት ሲወድቅ የነገሩ መዝገቦች ተደምስሰው ተገኙ። መዝገቦቹን ያጠፋው የስለላ ሹም ታሰረ፤ የገደለው ግን አልታወቀም። በ2013 ዓ.ም. 35 ዓመት ስለ ሞላው የቡልጋርያ ዐቃቤ ሕግ ፋይሉን ዘጋ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። ጀማል ካሾጊ በ1958 ዓ.ም. በመዲና ከተማ ተወለደ። አያቱ የንጉሥ አብዱልአዚዝ ሐኪም ነበሩ። እርሱም በጋዜጠኝነት ሥራ አድጎ አል ወጠን የተባለውን ጋዜጣ ሁለት ጊዜ በዋና አዘጋጅነት መርቷል፤ በለንደንና በዋሽንግቶን አምባሳደር ለነበሩት ለልዑል ቱርኪ አልፈይሰልም አማካሪ ሆኖ ሠርቷል። እንግዲህ ይህ ሰው ከቤተ መንግሥቱ ጋር በጠላትነት ያደገ ሳይሆን በአዳራሹ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ነው። በ2017 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ልዑል መሐመድ ቢን ሳልማን ሥልጣኑን በእጃቸው ሲያጠቃልሉ ወደ አሜሪቃ ሄደ፤ ከሴፕቴምበር ወርም ጀምሮ በዋሽንግቶን ፖስት ጋዜጣ ላይ የጸሐፊዎችንና የሃይማኖት መምህራንን መታሰር፣ የየመንንም ጦርነት እየነቀፈ ይጽፍ ጀመር።

በኦክቶበር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ለጋብቻው የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት ለመቀበል በኢስታንቡል ወደሚገኘው ወደ አገሩ ቈንስላ ገባ። እጮኛው በውጭ ቆማ ትጠብቀው ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ጠበቀችው፤ አልወጣም። ከሪያድ የመጡ 15 ሰዎች በዚያ ደርሰው ነበር። በቈንስላው ውስጥ ተገደለ፤ አስከሬኑም እስከ ዛሬ ድረስ አልተገኘም።

የሳዑዲ ዐረብ መንግሥት የሰጠው መግለጫ ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ። በመጀመሪያ፣ ጉዳዩን ጨርሶ በሰላም ወጥቷል ተባለ፤ ቈንስሉም ለጋዜጠኞች የቢሮውን ቁም ሣጥን ሳይቀር ከፍቶ አሳየ። ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ፣ በቈንስላው ውስጥ በተነሣ ድብድብ ሞተ ተባለ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ዐቃቤ ሕጉ ግድያው አስቀድሞ የታሰበበት መሆኑን ከቱርክ የተገኘው ማስረጃ ያመለክታል አሉ። ልዑሉ ግን ትእዛዝ አልሰጠሁም ብለዋል፤ በ2019 ዓ.ም. ለአሜሪቃ ቴሌቪዥን በሰጡት ቃል ‹እንደ አገር መሪነቴ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፤ ትእዛዙ ግን የእኔ አይደለም› የሚል መልስ ሰጡ።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1963 ዓ.ም. በቪየና የተፈረመው የቈንስላ ግንኙነት ውል፣ የአስተናጋጁ አገር ፖሊስ ያለ ፈቃድ ወደ ቈንስላ ሥራ ክፍሎች እንዳይገባ ይከለክላል። ይኸው ውል ደግሞ ቤቱ ለቈንስላ ሥራ በማይስማማ ተግባር ላይ እንዳይውል ያዛል። በኢስታንቡል የተደረገው ግን የመጀመሪያውን አንቀጽ ጋሻ አድርጎ ሁለተኛውን መግደል ነበር። የቱርክ መርማሪዎች ወደ ቤቱ ለመግባት የቻሉት ሰውዬው ከገባ ከ13 ቀን በኋላ ነው።

እንግዲህ መንግሥታት ምን አደረጉ? በየተራ እንያቸው።

አንደኛ፣ ደጃፍዋ የተደፈረባት ቱርክ ናት። የቱርክ መንግሥት በቈንስላው ውስጥ የተፈጸመውን የሚያሰማ የድምፅ ቅጂ በእጁ ነበረ። ይህን ቅጂ ለአሜሪቃ፣ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይና ለጀርመን አሰማ፤ ወሬውንም ቀስ በቀስ በጋዜጦች በኩል አወጣ። ፕሬዚዳንት ኤርዶጋን ኦክቶበር 23 ቀን ለፓርቲያቸው የምክር ቤት አባሎች ባደረጉት ንግግር፣ ትእዛዙን የሰጠው ማነው? አስከሬኑስ የት ነው? ብለው ጠየቁ። ቀጥለውም በዋሽንግቶን ፖስት ላይ በጻፉት ጽሑፍ፣ ትእዛዙ ከሳዑዲ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን የመጣ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን ንጉሥ ሳልማን አዘዙ ብለው እንደማያምኑ ገለጹ። ንጉሡን ለይተው አልጋ ወራሹን ሳይጠሩ ማለፋቸው የዲፕሎማሲ ሰዎች የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ለመክሰስም ለመታረቅም በሩን ክፍት ይተዋል። በጁላይ 2020 ዓ.ም. የኢስታንቡል ፍርድ ቤት 20 ተከሳሾችን በሌሉበት መክሰስ ጀመረ።

የአበው ተረት ‹የነብር ጭራ አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም› ይላል። ቱርክ ያዘች፤ ግን ለቀቀች። የቱርክ ገንዘብ ዋጋው እየወደቀ፣ የሳዑዲ ነጋዴዎችም የቱርክን ዕቃ መግዛት ስለ ተዉ ኑሮው ከበደ። ኤፕሪል 7 ቀን 2022 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ክሱን አቁሞ መዝገቡ ወደ ሳዑዲ ዐረብ እንዲተላለፍ ወሰነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፕሬዚዳንቱ ወደ ሳዑዲ ዐረብ ተጓዙ፤ በጁን ወርም አልጋ ወራሹ በአንካራ በክብር ዘብ አቀባበል ተደረገላቸው። መዝገቡ የተላከው ክሱ ወደሚጠቁመው ቤት ራሱ ነው።

ሁለተኛዋ አሜሪቃ ናት። በዚህች አገር መንግሥቱ በአንድ ቃል አልተናገረም። የገንዘብ ሚኒስቴር ኖቬምበር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. 17 የሳዑዲ ዜጎችን ገንዘብ አገደ። የስለላ መሥሪያ ቤቱ ልዑሉ አዝዘዋል ብሎ መደምደሙን ጋዜጦች ጻፉ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግን ኖቬምበር 20 ቀን ባወጡት መግለጫ ልዑሉ ነገሩን ያውቁ ይሆናል፣ ላያውቁም ይችላሉ ብለው፣ ሳዑዲ ዐረብ በአሜሪቃ ታውለዋለች ያሉትን 450 ቢሊዮን ዶላር፣ ከዚያም ውስጥ ለጦር መሣሪያ የሚከፈለውን 110 ቢሊዮን ቈጠሩ፤ ውሉ ቢፈርስ ራሽያና ቻይና ይጠቀማሉ ሲሉም አስረዱ። የነዳጅ ዘይትንም ዋጋ ሳይጠቅሱ አላለፉም። ይህ መግለጫ ያስቈጣቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ሌሎች መንግሥታት በልባቸው የሚያሰሉትን እርሳቸው በአደባባይ ስላሰሉት ለታሪክ ጸሐፊ የጠቀመ ሰነድ ነው።

ምክር ቤቱ በዚህ አልተስማማም። ዲሴምበር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ56 ድምፅ በ41 ላይ በየመን ጦርነት የሚሰጠው የአሜሪቃ እርዳታ እንዲቆም ወሰነ፤ በዚያው ቀንም ልዑሉ ለግድያው ተጠያቂ ናቸው የሚል ውሳኔ ያለ ተቃውሞ አሳለፈ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱም ምክር ቤቶች ስለ የመን ተስማምተው ያሳለፉትን ውሳኔ ፕሬዚዳንቱ ኤፕሪል 16 ቀን ሻሩት። ሽረቱን ለማፍረስ በተደረገው ድምፅ 53 ለ45 ሆነ፤ የሚያስፈልገው ከሦስት ሁለት እጅ ስለ ሆነ አልበቃም። የሩቁ የየመን ሕዝብ መከራ ለዓመታት ያላንቀሳቀሰውን ምክር ቤት የአንድ ጋዜጠኛ ሞት ማንቀሳቀሱን ግን ማስተዋል ይገባል። ስምና መልክ ያለው ሟች በቍጥር ከተጻፉት ሙታን ይልቅ ድምፅ አለው።

ከትራምፕ በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንት ባይደን በ2019 ዓ.ም. በምርጫ ክርክር ላይ ሳዑዲ ዐረብን ከዓለም የተገለለች አደርጋታለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር። ሥልጣን ከያዙ በኋላ ፌብሯሪ 26 ቀን 2021 ዓ.ም. የስለላ ሹማምቱ ጥቂት ገጾች ያሉት ማስታወሻ ታተመ፤ እርሱም ልዑሉ ካሾጊን ለመያዝ ወይም ለመግደል የተደረገውን ዘመቻ ፈቅደዋል ብለው መገመታቸውን ያስረዳል። በዚያኑ ዕለት 76 የሳዑዲ ዜጎች ወደ አሜሪቃ እንዳይገቡ ተከለከሉ። አዛዡ ናቸው የተባሉት ልዑል ግን ከተቀጡት መካከል አልነበሩም። በሚቀጥለው ዓመት የራሽያና የዩክሬን ጦርነት ተነሥቶ የነዳጅ ዘይት ዋጋ በናረ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንቱ በጁላይ 2022 ዓ.ም. ወደ ጅዳ ተጉዘው ከልዑሉ ጋር የተጨበጠ እጃቸውን አጋጥመው ሰላምታ ተለዋወጡ። በሴፕቴምበር ልዑሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ፤ በኖቬምበር የአሜሪቃ መንግሥት ለፍርድ ቤት፣ የመንግሥት መሪ ስለ ሆኑ ሊከሰሱ አይችሉም ብሎ ጻፈ፤ በዲሴምበር ዳኛው እጮኛው ያቀረበችውን ክስ ሰረዙ። ‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ› የሚለው የእኛ አገር ተረት በዋሽንግቶን ችሎት ሕጋዊ ቋንቋ ለብሶ ተነበበ ማለት ነው። በኖቬምበር 18 ቀን 2025 ዓ.ም. ልዑሉ ወደ ዋይት ሃውስ ሲመጡ፣ ዳግመኛ የተመረጡት ፕሬዚዳንት ትራምፕ ልዑሉ ስለ ግድያው የሚያውቁት ነገር አልነበረም ሲሉ ለጋዜጠኞች ተናገሩ።

ሦስተኛ፣ የኤውሮፓ መንግሥታት ናቸው። ጀርመን በመራሒተ መንግሥቷ በአንጌላ ሜርክል ዘመን የጦር መሣሪያ መላክን አቆመች፤ 18 ሰዎችም እንዳይገቡ ከለከለች። ዴንማርክና ፊንላንድም አዲስ የመሣሪያ ፈቃድ አንሰጥም አሉ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ግን የመሣሪያን ሽያጭ ከግድያው ጋር ማያያዝ ሕዝብን ማሞኘት ነው ብለው ተቃወሙ። እንግሊዝ በ2020 ዓ.ም. ባወጣችው አዲስ ደንብ 20 ሳዑዲዎችን ቀጣች። የጀርመን ክልከላም ቢሆን እየላላ ሄዶ፣ በጃንዋሪ 2024 ዓ.ም. እንግሊዝና ሌሎች አገሮች ከጀርመን ጋር የሚሠሩት የጦር አውሮፕላን ለሳዑዲ ዐረብ ቢሸጥ እንደማትቃወም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ገለጹ።

አራተኛ፣ የቀረው ዓለም ነው። ግብጽ፣ የተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶችና ባሕሬን ከሪያድ ጎን ቆሙ። በኖቬምበር 2018 ዓ.ም. በቦነስ አይረስ በተደረገው የ20ዎቹ መንግሥታት ጉባኤ የራሽያው ፕሬዚዳንት ፑቲን ከልዑሉ ጋር በሳቅ እጅ ለእጅ ሲማቱ ታዩ። በሌላ ወገን ግን በማርች 7 ቀን 2019 ዓ.ም. በጄኔቫ በሰብአዊ መብት ምክር ቤት፣ 36 መንግሥታት ሳዑዲ ዐረብን የሚነቅፍ መግለጫ በአንድነት ሲያሰሙ፣ ያነበበችው እንደ ትናንትናዋ ስዊስ ትንሽ የሆነችው አይስላንድ ነበረች። በዚያ ምክር ቤት ሳዑዲ ዐረብ በኅብረት ስትነቀፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። በጁን ወርም የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ አኜስ ካላማር ግድያው አስቀድሞ የታሰበና ኃላፊነቱም የመንግሥት ነው የሚል 100 ገጽ ያህል ያለው ሰነድ አወጡ።

ሳዑዲ ዐረብም በበኩልዋ የፈረደችው ፍርድ አለ። በዝግ ችሎት የተያዘው ነገር በዲሴምበር 2019 ዓ.ም. በአምስት ሰዎች የሞት ፍርድ፣ በሦስት ሰዎች እስራት ተጠናቀቀ። በ2020 ዓ.ም. የሟቹ ልጆች ይቅርታ ማድረጋቸው ከተነገረ በኋላ የሞቱ ፍርድ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። የተፈረደባቸው ስማቸው አልተገለጠም። ከስለላው ምክትል ሹም ላይ በቂ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ በነጻ ተለቀቁ፤ የቤተ መንግሥቱ አማካሪም አልተከሰሱም። እጅ ተቀጣ፤ እጅን ያንቀሳቀሰው ግን አልተጠየቀም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ታሪኮች አንድ ላይ ስናያቸው የሚታየው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ፣ ጊዜ የገዳይ ወዳጅ ነው። ስዊስ በስድስት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ሰውዬውን ያስመለሰችው ቍጣው ሳይበርድና ማስረጃው ሳይጠፋ ስለ ተነሣች ነው። በማርኮፍ ነገር የተጠበቀው 35 ዓመት ለመዝገብ አጥፊዎች ብቻ ጠቀመ።

ቀጥሎም፣ ቅጣቱ ወደ ታች ሲወርድ እንጂ ወደ ላይ ሲወጣ አልታየም። በዝርዝር የተጻፉት 17ቱም፣ 18ቱም፣ 20ዎቹም፣ 76ቱም ታዛዦች ናቸው። ታዛዥን መቅጣት ለመንግሥታት ይቀላል፤ ከታዛዥ ነዳጅ ዘይት አይገዛም፤ ለታዛዥም አውሮፕላን አይሸጥም።

በመጨረሻም፣ ቍጣው ከንቱ ሆነ ብለን ግን አንደመድምም። የግድያው ነገር ‹በሰላም ወጥቷል› ተብሎ ሊቀበር የታሰበ ነበር። አልተቀበረም። የድምፁ ቅጂ፣ የመርማሪዋ ሰነድ፣ የስለላ ሹማምቱ ማስታወሻ፣ የምክር ቤቱ ውሳኔ ተጽፈው ቀርተዋል። ልዑሉ በሄዱበት ሁሉ ይኸው ጥያቄ ይከተላቸዋል፤ በዋይት ሃውስም እንኳ ከሰባት ዓመት በኋላ አንዲት ጋዜጠኛ አንሥታዋለች። ለሌላ የሸሸ ጸሐፊ የሚያስብ መንግሥትም ቢኖር ይህን ሁሉ ውርደት በሂሳቡ ሳያገባ አይቀርም። ይህ ፍርድ አይደለም፤ ነገር ግን ከዝምታ ይሻላል።

ስለዚህ ወደ ፊት በጋዜጣ ላይ አንድ መንግሥት ‹እጅግ አዝነናል፤ አጥብቀንም እናወግዛለን› ብሎ መናገሩን ስታነቡ፣ ቃሉን በዚያ አትተዉት። ከማን ጋር የሚገበያየውን ንግድ አቆመ? ከዝርዝሩ ውስጥ ሳያስገባ የተወው ምንድን ነው? የተቀጣው ያዘዘው ነው ወይስ የታዘዘው? ከአንድ ዓመት በኋላስ ቅጣቱ አለ ወይስ ተነሥቷል? ብላችሁ ጠይቁ። እኛ በ1935 ዓ.ም. ከዝርዝሩ የቀረው አንድ ዕቃ ምን እንዳደረገን የምናውቅ ሕዝብ ነንና፣ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሌላ አስተማሪ አያስፈልገንም።